ስም ቢሰረዝ ባለቤት አይሰረዝም

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ
ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለምርምር ስለሚነሡ የአንጎል ምስሎች ግልጽ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የተቋማቱ ኃላፊዎችና የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በምርምር ዓለም ሥር የሰደደ አንድ ልማድ ነው። የሰው አንጎል ኤምአርአይ በተባለው የምስል ማንሻ ማሽን ይነሣል፤ ስሙ ከምስሉ ላይ ተሰርዞ በቁጥር ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ምስሉ የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ ከተቋም ወደ ተቋም፣ ከአገር ወደ አገር ይተላለፋል። ስሙ የተሰረዘ ሰው አይጎዳም፣ የተጎዳ ሰው ከሌለ ደግሞ ተጠያቂ የለም የሚል ስሌት ነው። ይህ ስሌት ትክክል እንዳልሆነ፣ የአንጎል ምስል ስሙ ቢሰረዝም የባለቤቱ ሆኖ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ምስሉን ያነሣው፣ ያስቀመጠውና የላከው ሁሉ ኃላፊነቱ አብሮት እንደሚሄድ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚያም በሥልጣናችሁ ሥር ያሉ፣ ልትፈጽሟቸው የምትችሏቸውን ጥቂት ነገሮች እጠይቃለሁ።

የጭንቅላት ኤምአርአይ ለብዙዎቻችን እስከ ዛሬ የሕመም ጉዳይ ብቻ ነበር። ሐኪም ያዝዛል፣ ቤተሰብ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ከጎጃምም ከወሎም የመጣ ታማሚ አዲስ አበባ ገብቶ ተራ ይጠብቃል። በምኖርበት በካዛንቺስም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ወደ ሐኪሙ የሚመለስ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ያ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር አለው፤ ምስሉ በእጁ ነው፣ ስለ ምስሉ የሚነግረውም ሐኪም አለው። ለምርምር ብሎ ማሽኑ ውስጥ የገባ ሰው ግን ፊልምም ሆነ ሲዲ ሳይዝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምስሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለምን ጥናት እንደሚውል የሚያውቀው ተመራማሪው ነው። በሕክምናና በምርምር መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የተወሰነ በነበረበት ጊዜ ብዙም ላያሳስብ ይችል ነበር። አሁን ግን መሣሪያው ራሱ ከሆስፒታል እየወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስውፕ የተባለውን ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ ለአገልግሎት ፈቀደ። ሃይፐርፋይን የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ማሽን መግነጢሳዊ ኃይሉ 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ በሆስፒታሎች የተለመዱት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። ልዩ ክፍል አይሻም፣ በጎማ እየተገፋ ይሄዳል፣ ከተራ የግድግዳ ሶኬት ይሠራል። በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚካሄደው ዩኒቲ የተባለ የምርምር መረብ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ በአፍሪካና በእስያ አገሮች የሕፃናትን የአንጎል ዕድገት ያጠናል። ሕፃኑ ጡት ጠብቶ እንቅልፍ ሲወስደው ጆሮው ተሸፍኖ ማሽኑ ውስጥ ይተኛል፤ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሥራው ያልቃል። መሣሪያው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንኳ ሊሠራ መቻሉ ለሳይንስ ትልቅ እርምጃ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ብሔራዊ መመሪያችን አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሕግ ከመሣሪያ ኋላ ቢቀር አያስደንቅም፤ የሚያሳስበው ኋላ እንደቀረ እየታወቀ ዝም ከተባለ ነው።

ሐሳቤ በስሕተት እንዳይተረጎም አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ደብዳቤ የአንጎል ምርምር እንዳይካሄድ የሚከራከር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። መቀንጨር ቁመትን ብቻ እንደማይነካ እናውቃለን፤ አንጎልን በምን መጠንና በየትኛው ዕድሜ እንደሚነካ፣ በምን ዓይነት ምግብ ሊካካስ እንደሚችል ግን ገና ብዙ ማወቅ ይቀረናል። ጤነኛ የሚባለው የአንጎል ዕድገት መለኪያ በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ በተሰበሰበ ምስል የተሠራ ነው። የእኛ ልጆች በዚያ መለኪያ ውስጥ ካልገቡ በሌላ ልጅ ልክ እየተለኩ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ምርምሩ መምጣት አለበት፤ ጥያቄዬ ሲመጣ በምን ዓይነት ደንብ ይስተናገድ የሚል ነው።

ስም መሰረዝ ለምን በቂ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው የማዮ ክሊኒክ ጥናት ነው። የጭንቅላት ኤምአርአይ አንጎልን ብቻ አያነሣም፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩንም አብሮ ይይዛል። ተመራማሪዎቹ ከ84 ፈቃደኞች ምስል ላይ ፊታቸውን በኮምፒውተር መልሰው ሠሩና በገበያ ላይ ባለ የፊት መለያ ሶፍትዌር ከፎቶግራፎቻቸው ጋር አመሳከሩት። ሶፍትዌሩ የ70ዎቹን፣ ማለትም የ83 በመቶውን ማንነት በመጀመሪያ ምርጫው በትክክል ለየ። እያንዳንዳችን በፌስቡክና በቴሌግራም ፎቶ በምንለጥፍበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ፊቱ ከምስሉ ላይ እንዲጠፋ ይደረጋል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሊጠቀሙባቸውም ይገባል። ይሁንና ችግሩን ያቀሉታል እንጂ አይጨርሱትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ126 ሰዎችን ምስል አጥንተው የአንጎል ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሁኔታ ልክ እንደ ጣት አሻራ ከሰው ሰው እንደሚለያይና አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት እንደሚያስችል አሳይተዋል። ፊቱን ብናጠፋ እንኳ አንጎሉ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያየው የምፈልገው ለዚህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል፤ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍ መረጃም ድንጋጌዎች አሉት፤ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ሥልጣኑም የባለሥልጣኑ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ያረጋግጣል። አዋጁ መልካም መሠረት ነው። ነገር ግን አንድ ተመራማሪ «ስሙን ስለሰረዝኩት የግል ዳታ መሆኑ ቀርቷል» ብሎ ከአዋጁ ውጭ ልሁን ቢል፣ «አይደለም፤ የጭንቅላት ምስል ስሙ ቢሰረዝም የግል ዳታ ነው» የሚል ቁርጥ ያለ መልስ በመመሪያ ተጽፎ ሊጠብቀው ይገባል። ይህ መልስ ካልተጻፈ አዋጁ ለዚህ ጉዳይ በር አለው፣ በሩ ግን መዝጊያ የለውም።

ሌላው ጉዳይ ሳይፈለግ ስለሚገኝ በሽታ ነው። ተመራማሪው ስለ ማስታወስ ወይም ስለ ቋንቋ ሊያጠና ያነሣው ምስል ላይ ዕጢ፣ ያበጠ የደም ሥር ወይም ሌላ ያልታሰበ ነገር ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ከ19,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ምርምሮችን አጠቃሎ ምንም የሕመም ምልክት ከሌላቸው ሰዎች 2.7 በመቶው፣ ማለትም ከ37ቱ አንዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደተገኘበት አሳይቷል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2007 በሮተርዳም 2,000 አዋቂዎች ታይተው 1.8 በመቶው ያበጠ የአንጎል ደም ሥር፣ 1.6 በመቶው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተገኝቶባቸዋል። በዚህ ስሌት 300 ሰዎችን የሚያጠና አንድ ምርምር ወደ 8 በሚሆኑት ላይ ያልጠበቀውን ሊያገኝ ይችላል። ለእነዚህ 8 ሰዎች ምርምሩ ምርምር መሆኑ ያበቃል፤ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ምስሉን ያየው የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ከሆነ ግን ዕጢው ታይቶም አልታየም። ራዲዮሎጂስት አይቶት ለባለቤቱ የሚነግር ከሌለ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ እያወቁ ዝም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የካዛንቺስ ሁኔታ ትምህርት ይሰጠናል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙ የሰፈሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደዋል። በስምምነት ቅጽ ላይ የሚሞላው አድራሻ ደግሞ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ነው። ቤቱ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ስልኩም ተቀይሮ ከሆነ ምስሉ በተነሣ በስድስተኛው ወር በአንድ ሰው ምስል ላይ በሽታ ያየ ራዲዮሎጂስት ባለቤቱን የት ብሎ ይፈልገዋል? ስሙ ከምስሉ ላይ ከተሰረዘ፣ ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ደግሞ በውጭ አገር ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከተደመሰሰ፣ ማፈላለጉ ገና ሳይጀመር ይቆማል። ማንነትን ለመደበቅ የተወሰደው ጥንቃቄ ሰውየውን ለማዳን እንቅፋት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማገናኛው ዝርዝር በአገር ውስጥ፣ ኃላፊነቱን በሚወስድ ተቋም እጅ፣ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ ተሳታፊውም ከራሱ ሌላ ሊገኝ የሚችልበትን የአንድ ዘመድ ስልክ በፈቃዱ እንዲሰጥ መጠየቅ አለበት።

«ሁሉን የምናክምበት አቅም የለንም፤ ሊታከም የማይችል ሰው በሽታውን ማወቁ ጭንቀት ከመጨመር ሌላ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዝቅተኛ መግነጢስ የሚሠራው ተንቀሳቃሽ መሣሪያም የሚሰጠው ምስል ጥራቱ አነስተኛ ስለሆነ የሌለን በሽታ አለ ሊያስብል ይችላል። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም፤ ወጪውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። አጠራጣሪ ነገር የታየበት ተሳታፊ በተለመደው ኤምአርአይ እንደገና የሚታይበት፣ ሐኪም የሚያማክርበትና ወደ ሕክምና የሚላክበት ወጪ ከምርምሩ በጀት ላይ ተለይቶ መያዝ አለበት። ከውጭ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የተመደበለት ፕሮጀክት ከ37 ሰዎች ለአንዱ ሁለተኛ ምስል ማስነሻ አላገኘሁም ሊል አይችልም። ማወቅ አለማወቁንም የሚመርጠው ተሳታፊው ራሱ እንጂ ተመራማሪው ሊመርጥለት አይገባም፤ «ማወቅ እመርጣለሁ» ወይም «ሊታከም የሚችል ካልሆነ አይነገረኝ» የሚል ምርጫ በቅጹ ላይ ሊቀርብለት ይገባል።

የስምምነት ቅጽ ካነሣሁ፣ በቅጹ መጨረሻ ላይ የምትገኘው «መረጃዎ ለወደፊት ጥናቶች ሊውል ይችላል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ትሸከማለች። ለየትኛው ጥናት? በማን? በየትኛው አገር? ለንግድ ድርጅትስ? ተሳታፊዎቻችን ይህን ሁሉ ለመረዳት የሚያስችል ትምህርት የላቸውም የሚል ሰው ካለ፣ መልሱ በአገራችን ተሠርቶ የታየ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር ማበጥ በሽታ ዘር ለማጥናት ወደ ወላይታ የሄዱ ተመራማሪዎች ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ማኅበረሰቡ ስለ ምርምር ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚሰጋ፣ በማን በኩል ሊነገረው እንደሚወድ ጠይቀው የስምምነት አወሳሰዱን በዚያ ልክ አዘጋጅተዋል፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ስለ ዘር ማስረዳት ከተቻለ ስለ ምስል ማስረዳት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጊዜና በተሳታፊው ቋንቋ የተዘጋጀ ቃል ነው። የሕፃናቱ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ዛሬ በእናቱ ፈቃድ ተኝቶ የተነሣ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው ምስሉ አሁንም በአንድ ቦታ ይኖራል። እናቱ በእርሱ ስም የሰጠችው ፈቃድ ለዕድሜ ልኩ የሚጸና መሆን የለበትም። ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ እንዲጠየቁ፣ ካልፈለጉም ምስላቸው እንዲሰረዝ የሚያስችል መንገድ ከወዲሁ ሊዘረጋላቸው ይገባል።

ስለ ምስሎቹ ወደ ውጭ መሄድ ስናስብ የራሳችን የቅርስ ሕግ ጥሩ አብነት ነው። ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 በአፋር፣ ዲኪካ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም የራስ ቅሏ በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል በሚገኘው ማዕከል በኃይለኛ ኤክስሬይ ተነሥቶ የአንጎሏ አሻራ ተጠንቷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ድንቅነሽ የተባለችው ሌላዋ ጥንታዊ ቅሪትም እ.ኤ.አ. በ2007 በመንግሥት ስምምነት ወደ አሜሪካ ሄዳ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ከተነሣች በኋላ በ2013 ወደ አገሯ ተመልሳለች። ሁለቱም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቁ የአገር ሀብት ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማንም ሊያወጣቸው አይችልም። ለሞተ ቅሪት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ከእናቱ ጡት ያልወረደ ሕፃን አንጎል ምስል በአንድ የኢሜይል አባሪ ሲሄድ ማን ፈቀደ፣ ወዴት ሄደ፣ ቅጂውስ የት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አካል እንዴት አይኖርም? የናሙና ዝውውር ስምምነት ለደምና ለሌላ ሥጋዊ ናሙና የተለመደ ነው። ምስል ግን ክብደት የለውም፣ በጉምሩክ አያልፍም፤ ስለዚህም ጥያቄ ሳይነሣበት ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የተፈረመውን ስምምነት እናስታውስ። ኩባንያው ከሰረ፤ በጤፍ ላይ የተወሰደው ፓተንት ግን በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ እስኪያጣ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ቆየ፤ የተጠበቀው ጥቅምም ሳይገኝ ቀረ። ያኔ ስምምነቱ ቢያንስ በወረቀት ነበር። ዛሬ በምስሎች ተሠልጥኖ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ የምስሎቹ ባለቤቶች አገር በወረቀት ላይ እንኳ ላትገኝ ትችላለች።

ሌላው ሥጋቴ ምስሎቹ ስለ ሰዎቻችን የሚያስነግሩት ነገር ነው። በቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ዘመዶች ያነጋገረ ጥናት 75 በመቶው መገለልን እንደሚሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ዘግቧል። በአንድ ቤተሰብ ላይ የተለጠፈ ስም ጋብቻን እስከ ማፍረስ ሊደርስ በሚችልበት አገር «የድሆች ልጆች አንጎል ትንሽ ነው» ወይም «የዚህ ወረዳ ሰዎች አንጎል የተለየ ነው» የሚል የጋዜጣ ርእስ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው በላይ ልል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ላይ በወጣ ጥናት 70 የተመራማሪ ቡድኖች አንዱኑ የአንጎል ምስል መረጃ ወስደው ለተመሳሳይ ጥያቄዎች መልስ ሲፈልጉ፣ በአተናተን ምርጫቸው ልዩነት ምክንያት በበርካታዎቹ ጥያቄዎች ላይ የተለያየ መልስ ይዘው ቀርበዋል። ባለሙያዎች እንዲህ በሚለያዩበት ጉዳይ አንድ ሰፈር ወይም አንድ ብሔረሰብ በአንድ ምርምር ሊፈረድበት አይገባም። ተመራማሪው ውጤቱን ለዓለም ከማሳወቁ በፊት ለተሳታፊዎቹ ማኅበረሰብ እንዲያስረዳ መጠየቅ ለዚህ ይጠቅማል።

የመጨረሻው ሥጋቴ ከምርምር ውጭ ስለሚውል ምስል ነው። አንጎልን አይቶ እውነትና ሐሰትን መለየት ይቻላል የሚሉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። በሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራን በከፊል ተመርኩዞ ተከሳሽን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ብሏል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንዲህ ያለ ምርመራ ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ እስኪከለክል ድረስ ሰዎች በዚህ መንገድ ተመርምረዋል። ቺሊ ደግሞ ችግር እስኪደርስ ሳትጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎል እንቅስቃሴንና ከእርሱ የሚገኝ መረጃን በሕገ መንግሥቷ ጠብቃለች። ይህ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል ይኖራል። በፍርድ ቤቶቻችን ዛሬ ስለ አንጎል ምስል መከራከር አልተለመደም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ የተነሣው ምስል ነገ መኖሩ አይቀርም፤ ቀጣሪ፣ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ መርማሪ ፖሊስ ወይም ትምህርት ቤት ቢጠይቅ አይሰጥም የሚል ክልከላ ዛሬውኑ ቢጻፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ከጥቂት መሥመር አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ደንብ ሲበዛ ምርምር ይሸሻል የሚለው ነው። ተመራማሪዎቻችን ፈቃድ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ እንደሚመላለሱ፣ መዘግየቱም ገንዘብና ዕድል እንደሚያሳጣቸው እረዳለሁ። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ተጨማሪ ቢሮ አይደለም። አሁን እያንዳንዱ የተቋም ኮሚቴ ስለ አንጎል ምስል የራሱን መልስ ለመፈለግ ይገደዳል፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው አይጠይቅም፤ ተመራማሪውም ምን እንደሚጠበቅበት አስቀድሞ አያውቅም። የሚያዘገየው ይህ ነው። አንድ ግልጽ ምዕራፍ ቢጻፍ ተመራማሪው ማመልከቻውን በዚያ ልክ አዘጋጅቶ ይመጣል፤ ገምጋሚውም በዚያ ልክ መዝኖ ይወስናል። ከዚህም በላይ ምርምር በእምነት የሚኖር ነገር ነው። «ልጄን አንሥተው ዕጢ አይተው ዝም አሉ» ወይም «ምስሌን ሸጡት» የሚል ወሬ ከአንድ ሰፈር ቢነሣ ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪ ለክትባትም ለወባም ጥናት በሩ ይዘጋበታል።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የሚከተሉትን እጠይቃለሁ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የጭንቅላትና የአንጎል ምስል ስሙ ቢሰረዝም የግል ዳታ መሆኑን፣ ወደ ውጭ ሲተላለፍም በአዋጁ የተመለከቱት ጥበቃዎች እንደሚፈጸሙበት በመመሪያ እንዲያሳውቅ፤ ለቀጣሪ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለትምህርት ቤትና ለወንጀል ምርመራ እንዳይሰጥም እንዲከለክል እጠይቃለሁ። ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ በመመሪያው ላይ ስለ አንጎል ምስል አንድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ እንዲጨምር፣ በዚያም ውስጥ ያልታሰበ በሽታ ሲገኝ ምስሉን የሚያይ ራዲዮሎጂስት፣ ለተሳታፊው የሚነግር ሐኪምና ለዚህ የተያዘ በጀት ያልቀረበለት ፕሮጀክት እንዳይጸድቅ፣ የስምምነት ቅጹም ለአሁኑ ጥናት፣ ለወደፊት ጥናት፣ ወደ ውጭ ለመላክና ለንግድ አገልግሎት ለየብቻ ፈቃድ የሚጠይቅ እንዲሆን፣ ሕፃን ሳሉ የተነሡ ተሳታፊዎችም 18 ዓመት ሲሞላቸው እንዲጠየቁ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄድ ማንኛውም የምስል ስብስብ ሙሉ ቅጂው በአገር ውስጥ በሚታወቅ ተቋም እንዲቀመጥ፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በእኩልነት እንዲጠቀሙበት፣ የተፈቀዱ የአንጎል ምስል ምርምሮችም ስማቸው፣ ዓላማቸው፣ ገንዘብ ሰጪያቸውና ምስሉ የሚሄድበት ቦታ ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችል መዝገብ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ይህ ለኢትዮጵያ ብቻ የሚቀር ሥራ አይደለም። ዩኔስኮ በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. የነርቭ ቴክኖሎጂ ሥነ ምግባርን የሚመለከት ምክረ ሐሳብ አጽድቋል፤ አባል አገሮችም ወደ ሕጋቸው እንዲያመጡት ይጠበቃል። ከካዛንቺስ ሳንወጣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሰበሰብበት አፍሪካ አዳራሽ አለ። ኢትዮጵያ የራሷን መመሪያ ይዛ ብትቀርብ ሌሎቹ አገሮች ተከትለዋት የሚወያዩበት መድረክ በደጃፏ ነው፤ ተንቀሳቃሹ ማሽን ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሁሉ የምስሎቹም ጥበቃ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

መመሪያው ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ቀርቦ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የምርምር ተሳታፊ የነበሩ ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡበት፣ ሦስቱ ተቋማትም በአንድነት ተቀምጠው የትኛው ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነ ለይተው እንዲያስታውቁ ጭምር እጠይቃለሁ። የሥራችሁን ብዛት አውቃለሁ፤ የጉዳዩን ክብደት ተመልክታችሁ በጽሑፍ መልስ እንደምትሰጡበት፣ ሥራውንም በቅርቡ እንደምትጀምሩት ሙሉ ተስፋ አለኝ።

አንድ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ